ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ የቴክሳስ ላይሰንስ፦ የአንዲት አጀስተር ጉዳይ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ የኢንሹራንስ አጀስተር ልትሆን ወሰነች። አጀስተር ማለት ጉዳት ሲደርስ መጥቶ የሚያይ፣ የኢንሹራንስ ውሉን የሚያነብና ካሳው ስንት መሆን እንዳለበት የሚገምት ባለሙያ ነው። ላይሰንሱን ለማውጣት የስቴቷን ድረ ገጽ ከፈተች። ፈለገች፣ አጣች። ደውላ ጠየቀች። መልሱ አጭር ነበር፦ ቨርጂኒያ ለዚህ ሥራ ላይሰንስ አትሰጥም።

"ታዲያ ያለ ላይሰንስ መሥራት እችላለሁ ማለት ነው?" አለችኝ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ለደረሰ ጉዳት፣ አዎ። ግን ያየቻቸው የሥራ ማስታወቂያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ላይሰንስ ይጠይቃሉ። ስቴቷ የማይሰጣትን ነገር ቀጣሪው አምጪ ይላታል። ሜሪላንድና ዲሲም በዚህ ነገር እንደ ቨርጂኒያ ናቸው። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት አካባቢ በመሆኑ ይሄው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣብኛል። እኔም በዚሁ በካሳ ሥራ ውስጥ ስለምገኝ የሷን ጉዞ ከቅርብ አይቼዋለሁ። ስሟን ሳልጠራ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ጉዳዩ ከየት ተነሣ

ጓደኛዬ አገር ቤት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምራ ሕንፃ ግንባታ ላይ ሠርታለች። እዚህ ከመጣች በኋላ ግን ዲግሪሽ የት አለ ያላት የለም። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ትሠራ ነበር። አንድ ክረምት የተከራየችበት ቤት የውሃ ቧንቧ በብርድ ፈነዳ። የአከራይዋ ኢንሹራንስ የላከው አጀስተር መጣ። ኮርኒሱን ለካ። የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ በየቦታው አሳረፈ። ፎቶ አነሣ። ታብሌቱ ላይ የክፍሉን ንድፍ ሠራ። እሷ አጠገቡ ቆማ ስለ ግድግዳው ውስጥ ትጠይቀው ነበር። እርጥበቱ ከጅብሰሙ ጀርባ ያለውን ፋይበር ነክቶ እንደሆነ፣ ወለሉ ተነሥቶ መታየት እንዳለበት። ሰውየው ገርሞት "አንቺ ይሄን ሥራ ለምን አትሠሪም?" አላት።

ማታ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁት ነገር ነበር። የተማረችው ትምህርት ዋጋ የሚያገኝበት በር ታይቷታል።

መጀመሪያ ያስረዳኋት ሦስት ዓይነት አጀስተር እንዳለ ነው። አንደኛው የኢንሹራንስ ኩባንያው ቋሚ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ኢንዲፔንደንት አጀስተር ይባላል። በኮንትራት ለብዙ ኩባንያዎች ይሠራል፤ በተለይ ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ይጠራል። ሦስተኛው ፐብሊክ አጀስተር ነው። እሱ የሚሠራው ለኩባንያው ሳይሆን ለባለ ንብረቱ ነው፤ ከሚገኘው ካሳም ድርሻ ይወስዳል። የሦስተኛው ላይሰንስ ሌላ ነው፤ ቨርጂኒያም እሱን ትሰጣለች። ይህን ልዩነት ያኔ ሰምታ አለፈችው። በኋላ ግን ትልቅ ነገር ሆኖ መጣ።

ለምን በየስቴቱ ይለያያል?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አንድ አገር ውስጥ እየኖርን ለምን ሃምሳ ዓይነት ሕግ? ምክንያቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢንሹራንስ በስቴቶች መካከል የሚደረግ ንግድ ነው፣ ስለዚህ የፌዴራል ሕግ ይነካዋል ብሎ ፈረደ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1945፣ ኮንግረስ ማካራን ፈርጉሰን የሚባለውን ሕግ አውጥቶ ቁጥጥሩን ለስቴቶቹ ተወው። ከዚያ ወዲህ ኢንሹራንስን የሚቆጣጠር እያንዳንዱ ስቴት ነው። አጀስተሩን ላይሰንስ ማስወጣት ይጠቅማል ያለው ስቴት ያስወጣል፤ ኩባንያውን ከተቆጣጠርኩ ይበቃኛል ያለው ይተወዋል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ፔንሲልቬኒያና ኦሃዮ ከሁለተኞቹ።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚገዛው ሕግ አጀስተሩ የሚኖርበት ስቴት ሕግ ሳይሆን ጉዳቱ የደረሰበት ስቴት ሕግ ነው። አሌክሳንድሪያ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ዳላስ ያለ ጣሪያ ካሳ የምትሠራ ሴት የቴክሳስ ላይሰንስ ያስፈልጋታል። ቀጣሪዎች ላይሰንስ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው። ከአንድ ስቴት ብቻ የሚመጣ ካሳ የሚሠራ ቢሮ ብዙ አይደለም።

የመጀመሪያው ማመልከቻ

ጓደኛዬ ቸኩላ ነበር። ኤን.አይ.ፒ.አር. የሚባለው ማመልከቻዎች የሚያልፉበት ድረ ገጽ ላይ ገባችና "የስቴቱ ነዋሪ ያልሆነ" የሚለውን መርጣ አንድ የደቡብ ስቴት ላይ አመለከተች። ነዋሪ ስላልሆነች የመረጠችው ትክክል መስሏታል። ማመልከቻው ግን የመነሻ ስቴት ላይሰንስ ቁጥር ይጠይቃል። እሷ ምንም ላይሰንስ የላትም። ማመልከቻው ሳይፀድቅ ቀረ፤ የከፈለችውም አልተመለሰም።

እዚህ ጋ ስርዓቱን መረዳት ይጠቅማል። ስቴቶች እርስ በርስ ይተማመናሉ። ቴክሳስ አንድን ሰው ፈትና፣ አሻራውን አይታ ላይሰንስ ከሰጠችው፣ ሌላው ስቴት ብዙ ጊዜ እንደገና አይፈትነውም፤ በሷ ላይሰንስ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ይሰጠዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ መጀመሪያ የፈተነህና ኃላፊነት የወሰደልህ ስቴት መኖር አለበት። የቨርጂኒያ ሰው ያ ስቴት የለውም።

መፍትሔው "ዴዚግኔትድ ሆም ስቴት" ይባላል። የምትኖርበት ስቴት ላይሰንሱን የማይሰጥ ከሆነ፣ ከሚሰጡት ስቴቶች አንዱን መርጠህ "መነሻዬ ይሁንልኝ" ትላለህ። ያ ስቴት እንደ ነዋሪው ይቆጥርሃል። ትምህርቱን፣ ፈተናውንና አሻራውን በሱ ሕግ ታሟላለህ። ከዚያ በኋላ ወደሌሎቹ የምትሄደው በሱ ላይሰንስ ነው። የጓደኛዬ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ የዞረው በዚህ ምርጫ ላይ ነበር።

ቴክሳስ ወይስ ፍሎሪዳ

እንደሷ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ከሁለቱ አንዱን ነው። ሁለቱም ስመ ጥር ናቸው፤ ሁለቱም ቀጣሪ የሚያውቃቸው ናቸው። ሁለቱም ላይሰንሱ ከወጣ በኋላ በየሁለት ዓመቱ 24 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃሉ። በቴክሳስ የምትፈልገው "ኦል ላይንስ" የሚባለው ነው። የቤትንም፣ የመኪናንም፣ የሠራተኛ ጉዳትንም ካሳ ያሠራል።

ቴክሳስን ያስመረጣት አንድ ነገር ነው። እዚያ 40 ሰዓት የሚፈጀውን እውቅና ያለው ኮርስ ጨርሶ የኮርሱን የመጨረሻ ፈተና በ70 ከመቶ ያለፈ ሰው፣ የስቴቱን ፈተና ለብቻው ፒርሰን ቪው የሚባለው የፈተና ጣቢያ ሄዶ መቀመጥ አይኖርበትም። ማታ ማታ በኢንተርኔት ተምሮ እዚያው መፈተን ይችላል። ሥራ እየሠራ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የማመልከቻ ክፍያው 50 ዶላር ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ በረዶ በየጸደዩ ጣሪያ ይመታል፤ ሥራው አይቋረጥም።

ፍሎሪዳም የራሷ አቋራጭ አላት። "አክሬዲትድ ክሌምስ አጀስተር" የሚለውን ማዕረግ የሚያስገኝ ኮርስ የጨረሰ ሰው ከስቴቱ ፈተና ነፃ ይሆናል። የሃሪኬን ካሳ ላይ መሥራት ለወሰነ ሰው እኔ ፍሎሪዳን አልቃወምም። ለሷ ግን ቴክሳስ ይሻል ነበር፤ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ። ዋናው ነገር መነሻ ስቴት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ "መነሻዬ" ማለት አይቻልም።

ሦስቱ ስሞች

አሁን ብዙ ጊዜ ወደበላው፣ ሐበሻ ሁሉ ሊያውቀው ወደሚገባው ነገር ልምጣ።

ጓደኛዬ በግሪን ካርዷ ላይ የራሷና የአባቷ ስም አንድ ላይ "ጊቭን ኔም" የሚለው ቦታ ተጽፏል። የአያቷ ስም "ሰርኔም" ሆኗል። መንጃ ፈቃዷም እንደዚያው። በሥራ ቦታዋ ግን የምትታወቀው በራሷና በአባቷ ስም ነው። ኮርሱን ስትመዘገብ እንደለመደችው የራሷን ስም መጀመሪያ፣ የአባቷን ስም መጨረሻ አድርጋ ጻፈች። ኮርሱን ጨረሰች፤ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ የምስክር ወረቀቱም በዚያው ስም መጣ።

አሻራ ለመስጠት አይደንቶጎ የሚባለው ድርጅት ጋ ቀጠሮ ያዘች። እዚያ የሚያዩት መታወቂያ ነው። ስለዚህ አሻራዋ በአያቷ ስም ተመዘገበ። ማመልከቻውን ስትሞላ ደግሞ ግራ ገብቷት ሦስቱንም ስም አስገባች፤ የአባቷን ስም መሀል ላይ።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሦስት ሰዎች ናቸው። ኮርስ የጨረሰች አንዲት ሴት፣ አሻራ የሰጠች ሌላ ሴት፣ ያመለከተች ሦስተኛ ሴት። ማመልከቻዋ "ሰነድ ይጎድላል" ተብሎ ቆመ። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ስትደውል፣ ጥበቃ ላይ ስትቀመጥ፣ እንደገና ስትደውል ሳምንታት አለፉ። ሁሉም ወረቀት እጇ ላይ አለ። የጎደለ ነገር የለም። አንዱ ወረቀት ሌላውን አላወቀውም እንጂ።

የተፈታው ቀላል በሆነ መንገድ ነው። ለኮርሱ አዘጋጅ የመንጃ ፈቃዷን ኮፒ ላከችና የምስክር ወረቀቱ ልክ በመታወቂያዋ ላይ እንዳለው ተስተካክሎ እንዲወጣ ጠየቀች። ማመልከቻውም ላይ ስሟ እንደዚያው እንዲስተካከል በጽሑፍ አሳወቀች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ።

ማንም ሰው ይህን መንገድ ከመጀመሩ በፊት መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። ኮርስ ሲመዘገብ፣ ፈተና ሲቀጥር፣ አሻራ ሲሰጥ፣ ማመልከቻ ሲሞላ፣ አራቱም ቦታ ላይ እሱን እያየ፣ ፊደል በፊደል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፍ። ሰው በምን ስም እንደሚጠራህ እዚህ ቦታ የለውም።

ስለ አሻራ ካነሣሁ፣ ማመልከቻው ያለፈ የወንጀል ታሪክ ይጠይቃል። እሷን ያስጨነቃት የፍጥነት ቅጣት ነበር፤ ተራ የትራፊክ ቅጣት ግን እዚያ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ከባዱ ሌላ ነው። በፌዴራል ሕግ፣ በ18 ዩ.ኤስ. ኮድ ቁጥር 1033፣ ማታለል ወይም እምነት ማጉደል ባለበት ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ከተቆጣጣሪው በጽሑፍ ፈቃድ ካላገኘ በኢንሹራንስ ሥራ ውስጥ መግባት አይችልም። ከዚያ ያነሰ ነገር ያለበት ሰው ደግሞ ሳይደብቅ ይጻፈው፤ የፍርድ ቤቱን ወረቀትም ያያይዝ። ራሱ ነገሩ ባያስከለክል እንኳ መደበቁ ያስከለክላል።

ኮርሱ ውስጥ ያለው

ኢንጂነር ስለሆነች ሒሳቡ አላስቸገራትም። ለምሳሌ ይህን ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። በረዶ ጣሪያ አበላሸ። አዲስ ማሠሪያው 15,000 ዶላር ነው። ጣሪያው 20 ዓመት የሚያገለግል ነበር፤ 8 ዓመቱ አልፏል። ስለዚህ 40 ከመቶው አርጅቷል፤ 6,000 ዶላር ይቀነሳል። የአሁኑ ዋጋው 9,000 ነው። ባለ ቤቱ መጀመሪያ ከኪሱ የሚሸፍነው ዲዳክቲብል 2,000 ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቼክ 7,000 ነው። ውሉ ሙሉ የመተኪያ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ጣሪያው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ የተቀነሰው 6,000 ይመለሳል። ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቼክ አይቶ "ዘረፉኝ" ይላል። ሁለተኛው እንዳለ ስላልተነገረው ነው። ጥሩ አጀስተር ይህን ስልክ ላይ በሁለት ደቂቃ ያስረዳል።

ያስቸገራት ውሉን ማንበብ ነው። ኢንጂነር "ውሃ ገባ ወይስ አልገባም" ብሎ ነው የሚያስበው። ውሉ የሚጠይቀው "ውሃው እንዴት ገባ?" ብሎ ነው። ነፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ በዚያ ቀዳዳ ዝናብ ገብቶ ሶፋውን ካበላሸ፣ በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ይከፈላል። ያው ዝናብ በተከፈተ መስኮት ገብቶ ያንኑ ሶፋ ካበላሸ አይከፈልም። መንገዱ ሞልቶ በበሩ ስር ከገባ ደግሞ ጎርፍ ነው፤ የቤት ኢንሹራንስ አይነካውም። ለሱ ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ነው ያለው። እሱም ለመኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ነው። ሶፋው አንድ፣ ርጥበቱ አንድ፣ መልሱ ሦስት።

"ይሄማ ጭካኔ ነው" አለችኝ አንድ ማታ። ተከራከርን። እኔ የምለው፣ አረቦኑ የተሰላው ለተጻፈው ነገር ነው፤ ላልተጻፈው የሚከፍል ኩባንያ ነገ ለተጻፈውም መክፈል ያቅተዋል። ጭካኔው የሚመጣው አጀስተሩ ውሃው እንዴት እንደገባ ሳይመረምር "አይከፈልም" ሲል ነው። እዚያ ላይ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ እያንዳንዱን ምሳሌ "ከየት? በምን? መጀመሪያ ምን ሆነ?" እያለች ትሠራው ጀመር። ፈተናውን ያሳለፋት ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ላይሰንሱ ወጣ፤ ሥራው የለም

ላይሰንሱ ሲወጣ ከድረ ገጹ አትማ ፎቶውን ላከችልኝ። ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ኢንዲፔንደንት አጀስተር የሚልኩ ድርጅቶች ጋ ስሟን አስመዘገበች። የሚመለስላት ጥያቄ አንድ ነው፦ "ስንት ካሳ ዘግተሻል?" መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ መኪና እንደማይኖረው፣ ላይሰንስ ያለው ሁሉ ሥራ የለውም። ይህን ኮርስ የሚሸጡት ብዙዎቹ አይነግሩም፤ ሊነግሩ ይገባ ነበር። ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ስቴቶች ጊዜያዊ የአደጋ ጊዜ ፈቃድ ስለሚሰጡ፣ ያኔ እንኳ ልምድ ያለው ከሩቅ መጥቶ ይቀድማል።

በዚህ መሀል አንድ የጣሪያ ሥራ ኮንትራክተር ቀረባት። ያገራችን ሰው ነው፤ በክፉ አልመጣባትም። "እህቴ፣ አንቺ ላይሰንስ አለሽ። ደንበኞቼን ወክለሽ ከኢንሹራንሱ ጋር ተነጋገሪልኝ። ካሳው ከፍ ሲል ድርሻሽን እሰጥሻለሁ" አላት።

"ጋሼ፣ ላስብበት" ብላ ደወለችልኝ።

መጀመሪያ ላይ የነገርኳት ልዩነት እዚህ መጣ። ባለ ንብረትን ወክሎ ካሳ መደራደር የፐብሊክ አጀስተር ሥራ ነው። የሷ ላይሰንስ ያ አይደለም። ቨርጂኒያም እሱን ለብቻ ታስወጣለች። ቴክሳስ ደግሞ ከዚህ ጠበቅ ያለች ናት፤ ጣሪያውን የሚሠራው ኮንትራክተር ራሱ የዚያው ጣሪያ ካሳ ተደራዳሪ እንዲሆን አትፈቅድም። ስቶንዎተር ሩፊንግ የተባለ ድርጅት ይህ ሕግ የመናገር ነፃነቴን ይነካል ብሎ ተከራክሮ ነበር። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ሕጉ የሚከለክለው ንግግር ሳይሆን ሙያዊ ሥራ ነው ብሎ ሕጉን አፀናው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካሳው በጨመረ ቁጥር የሥራው ክፍያ የሚጨምርለት ሰው የባለ ቤቱ ጠበቃ ሊሆን አይችልም።

እምቢ አለችው። ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር። በዚያ ወቅት የቤት ኪራይ እንዴት እንደምትከፍል አውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ እምቢታዋ ነው።

በመጨረሻ በሩ የተከፈተው በሌላ በኩል ነው። አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የዴስክ አጀስተር፣ ማለትም ቁጭ ብሎ በፎቶና በወረቀት ካሳ የሚሠራ ባለሙያ፣ ሠልጣኞች ሲቀጥር አመለከተች። ክፍያው ማዕበል ላይ የሚሠሩት የሚያወሩትን ያህል አይደለም። ነገር ግን ደመወዝ አለው፤ ሥልጠና አለው፤ የጥገና ዋጋ የሚሰላበትን ዛክቲሜት የሚባለውን ሶፍትዌር አስተምረዋታል። የሌሎቹን ስቴቶች ላይሰንስም ኩባንያው ራሱ ከፍሎ አስወጣላት። የቴክሳሱ መነሻ ስለሆነ ብዙዎቹ ያለ ፈተና መጡ። ኒው ዮርክ ግን የማንንም ላይሰንስ አትቀበልም፣ የራሷን ፈተና ታስፈትናለች።

አንዲት ጣሪያ

በጀመረች ሰሞን የደረሳት አንድ የቴክሳስ ጉዳይ ነበር። በረዶ የመታው ጣሪያ። ሜዳ ላይ የሄደው አጀስተር ፎቶዎችንና ግምቱን ልኳል። የጣሪያ በረዶ ምርመራ የሚሠራው በየተዳፋቱ 10 ጫማ በ10 ጫማ የሆነ ካሬ በጠመኔ ተሠምሮ፣ በውስጡ ያለው የበረዶ ምት ተቆጥሮ ነው። ፋይሉ ላይ የፊት ለፊቱ ካሬ አለ፤ ምቶቹ በጠመኔ ተከበዋል። የኋለኛው ተዳፋት ላይ ግን ካሬ የለም። ግምቱ "ጉዳት የለም" ይላል።

አንድ ፎቶ ላይ ዓይኗ ቆመ። ከኋላ በኩል ያለው የአየር ማስወጫ ክዳን ተሰርጉዷል። ቀጭን ብረት ነው፤ በረዶ ሲመታው ምልክቱ ይቀራል። በረዶው ያንን ክዳን ከመታው ከአጠገቡ ያለውን ሺንግል፣ የጣሪያውን ልባስ፣ እንዴት ዘለለው? ፋይሉን አልዘጋችም። ተመልሶ እንዲታይ ጠየቀች። ሲታይ የኋላው ተዳፋትም ተመትቷል። ግምቱ ተስተካከለ፤ ባለ ቤቷ ለሁለቱም ተዳፋት ተከፈላት።

በቴክሳስ ሕግ ኩባንያው የካሳ ጥያቄ ሲደርሰው በ15 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅና ምርመራ መጀመር አለበት። የጠየቀው ሰነድ ሁሉ ከደረሰው በኋላ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እከፍላለሁ ወይም አልከፍልም ይላል። እከፍላለሁ ካለ 5 የሥራ ቀን አለው። ድጋሚ ምርመራ መጠየቅ ቀላል አልነበረም፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ አዲስ ሠራተኛ ናት። አደረገችው። ያኔ ስለ ግድግዳው ውስጥ ስትጠይቅ የነበረችው ሴት ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ክፍተት አየችው።

ፎቶ አይቶ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። ከሃሪኬን ኢያን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022፣ አጀስተሮች ፍሎሪዳ ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርበው የጻፉት ግምት ከኋላቸው ተቀንሶ በነሱ ስም መውጣቱን ተናገሩ። በ2023 ፍሎሪዳ ሕግ አወጣች። ኩባንያ የአጀስተርን ሪፖርት ሲለውጥና ግምቱን ሲቀንስ ምክንያቱን በዝርዝር መጻፍ፣ ለውጡን ያዘዘውን ሰው ማንነትም ማስፈር አለበት። ላይሰንስ ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህንን ነው። ግምቱ ላይ የሰው ስም አለ። ያ ሰው ስሙን የሚያስጠይቅበት ቦታ አለው፤ ቤቱ የፈረሰበትም ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው።

አሁን ያለችበት

ላይሰንሷን አንዴ አሳድሳለች። ቨርጂኒያ ተከታታይ ትምህርት ስለማትጠይቃት የቴክሳስን 24 ሰዓት ሙሉ በሙሉ መማር ነበረባት። ብዙ ሰው "ነዋሪ አይደለሁም" ብሎ ይህን ይረሳና መነሻው ይወድቃል። መነሻው ሲወድቅ በሱ ላይ የቆሙት ሁሉ አብረው ይወድቃሉ።

አሁን አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ባለቤቷ አትላንታ ሥራ አግኝቷል። ጆርጂያ ደግሞ ለአጀስተር ላይሰንስ ከሚሰጡት ስቴቶች ናት። ነዋሪዋ ስትሆን "የምኖርበት ስቴት አይሰጠኝም" የሚለው ምክንያት ያበቃል። ቴክሳስም መነሻ መሆኗ ይቀራል። የጆርጂያን የነዋሪ ላይሰንስ ታወጣለች፤ ቴክሳስን ወደ ነዋሪ ያልሆነ ታዞራለች፤ ሌሎቹ ስቴቶችም ላይ አድራሻዋንና መነሻዋን ታስተካክላለች። በመሀል አንዱ ቢዘገይ ፋይሎቿ ይቆማሉ።

ምክሬን ጠይቃኝ፣ አድራሻሽን ከመለወጥሽ በፊት የኩባንያሽን የላይሰንስ ክፍል አናግሪ አልኳት። ቀኑን እነሱ ያውጡልሽ፤ ሁሉንም ማሳወቂያ በጽሑፍ ያዢ። የጆርጂያውን ማመልከቻ ስትሞይ ደግሞ አዲሱ መንጃ ፈቃድ መጀመሪያ ይውጣ፤ ስሙም እንዴት እንደተጻፈ እዪው። እሷም መንጃ ፈቃዱን የምታወጣበትን ቀጠሮ ይዛለች።